ክላክስ ፍሬን አይደለም፦ ከሰቆጣ ቁልቁለት የተጻፈ

ሰቆጣ ውስጥ ሳይክል የሚነዳ ሰው ዳገቱን ገፍቶ ይወጣል፣ ቁልቁለቱን ደግሞ ፈጣሪውን እየተማጸነ ይወርዳል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ በተራሮች መሐል የተቀመጠች ናት። እንደ ባሕር ዳር ሜዳ ላይ ፔዳል እየመቱ ወሬ የሚያወሩባት አይደለችም። ቢሆንም ሳይክል አለ። ተማሪው ይነዳል፣ ዕቃ የሚያመላልሰው ይነዳል፣ ቤንዚን ሲጠፋ ደግሞ ሞተር ያለውም ከጓደኛው ሳይክል ይዋሳል።

እኔም እነዳለሁ። ዛሬ የምጽፈው ግን በሹፌሮች ላይ ለማማረር ብቻ አይደለም። መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር።

ባለፈው ዓመት በአንድ የገበያ ቀን ቁልቁል ወደ ገበያው ስወርድ የኋላ ፍሬኔ እንደላላ አውቅ ነበር። «ነገ አስጠብቀዋለሁ» ስል ሳምንት አልፎኛል። መታጠፊያው ላይ ከኋላዬ የመጣ የጭነት መኪና ክላክሱን ለቀቀብኝ። ደንግጬ ወደ ዳር ተጠጋሁ። ዳሩን ይዘው አንዲት እናት ዘንቢል አንጠልጥለው ይሄዱ ነበር። ፍሬን ያዝኩ፤ ፍሬኑ ግን አልያዘም። እኔም እሳቸውም መሬት ላይ ተገኘን። ዘንቢሉ ውስጥ የነበረው እንቁላል ተሰባበረ፣ የእሳቸው እጅም አንጓው ላይ ተሰበረ።

መኪናው አልቆመም። ሹፌሩ ምናልባት አላየንም ይሆናል። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ «ጥፋተኛው መኪናው ነው» አለ። ሌላው «ምን መኪናው! ይሄ ልጅ ነው እንጂ፣ እንደ እብድ ነው የሚወርደው» አለ። እሳቸው ግን እንደወደቁ ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ አንተስ ተረፍክ?» አሉኝ። ከዚህ በላይ የሚያሳፍር ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም።

በሽማግሌ ተነጋግረን የሕክምናውን ከፈልኩ፣ ይቅርታም ተቀበልኩ። ጥያቄው ግን ከጭንቅላቴ አልወጣም። ከሦስታችን ማን ነው ኃላፊው? ሹፌሩ? እኔ? ወይስ መንገዱ?

ሕጉ ምን ይላል?

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የ1952 ዓ.ም. ነው፤ ከብዙዎቻችን አባቶች ይበልጣል። ቁጥር 2081 እንዲህ ያለ ሐሳብ አለው፦ የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ። ተጎጂው «ሹፌሩ አጥፍቷል» ብሎ የማስረዳት ሸክም የለበትም። ተጎጂው ራሱ ካጠፋ ግን የባለቤቱ ኃላፊነት እንደ ጥፋቱ መጠን ሊቀነስ ወይም ጭራሹን ሊቀር ይችላል። በሌላ በኩል ቁጥር 2028 ማንም ሰው በጥፋቱ ሌላውን ሲጎዳ እንዲክስ ያዛል። እዚህ ውስጥ ሳይክል ነጂም አለ፤ እኔም አለሁ።

እንግዲህ ሕጉ ገና ያኔ አንድ ነገር ገብቶት ነበር ማለት ነው። ከባድና ፈጣን ነገር ይዞ መንገድ የወጣ ሰው አደጋውንም አብሮ ይዞ ወጥቷል። ስለዚህ ጥንቃቄው እንደ ክብደቱ ነው። ሲኖው ከባጃጁ፣ ባጃጁ ከሳይክሉ፣ ሳይክሉ ከእግረኛው የበለጠ መጠንቀቅ አለበት። እኛ ሳይክል ነጂዎች የምንወደው የዚህን ሐሳብ ግማሹን ብቻ ነው። ለመኪና ተጎጂ ነን፣ ልክ ነው። ለእናቶችና ለሕፃናት ግን እኛም «መኪና» ነን።

አንዲት ሰከንድ

ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፤ አይከብድም። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ከ8 ሜትር በላይ ይጓዛል። በ60 ሲሄድ ወደ 17 ሜትር ይጠጋል። ሹፌሩ ሳይክል አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪነካ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ መኪናው መብረድ ሳይጀምር ያን ሁሉ ሜትር ሄዷል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ደግሞ የግጭቱ ጉልበት እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ስቶክሆልም ላይ የተሰበሰቡ አገሮች መኪናና እግረኛ፣ መኪናና ሳይክል በሚቀላቀሉበት መንገድ ፍጥነት ከ30 እንዳይበልጥ ያሳሰቡት ለዚህ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ብቻ 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ እንደሞተ ይገምታል። ከግማሽ በላዩ እግረኛ፣ ሞተረኛና ሳይክለኛ ነው። የሳይክለኛው ድርሻ 6 በመቶ ነው። 6 በመቶ ትንሽ ይመስላል፤ ሲሰላ ግን ወደ 70 ሺህ ሰው ይመጣል።

በኛ መንገድ ላይ ደግሞ ክላክስ የሚባል በሽታ አለ። ክላክስ ማስጠንቀቂያ መሆኑ ቀርቶ «ዞር በል፣ መጣሁ» ሆኗል። ሹፌሩ ክላክስ ከመታ በኋላ ግዴታውን የጨረሰ ይመስለዋል። ሳይክል ላይ ያለ ሰው ግን ከጀርባው ሲጮህበት ይደነግጣል፣ መሪው ይወላገዳል፣ ጠጠር ላይ ይወጣል። ክላክስ ፍሬን አይደለም። ከኋላ ያለው መኪና መጀመሪያ ማድረግ ያለበት መቀዝቀዝ፣ ቦታ እስኪገኝ መጠበቅ፣ ከዚያ ራቅ ብሎ ማለፍ ነው። ስፔን ውስጥ ሳይክል የሚቀድም መኪና ቢያንስ 1.5 ሜትር እንዲርቅ ሕግ ያስገድደዋል። ፈረንሳይ ከተማ ውስጥ 1 ሜትር፣ ከከተማ ውጭ 1.5 ሜትር ትላለች። ከላሊበላ ወይም ከኮረም መስመር በሚመጣ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ይህን ያህል ቦታ ከሌለ መልሱ ቀላል ነው፦ አትቅደም።

የኛስ?

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ቁልቁለት ላይ ሳይክል ምንም ሳይለፋ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ይህን ፍጥነት በላላ ፍሬን ይዞ ገበያ መሐል መግባት ጀግንነት አይደለም። ማታ ያለ መብራት መሄድ፣ ሁለት ጆሮን በኢርፎን ደፍኖ መሄድ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ መምጣት፣ ሦስት ሆኖ መጫን፣ ይሄ ሁሉ የኛ ነው። ከሁሉ የከፋው ዳገት ላይ የጭነት መኪና ኋላ ይዞ መጎተት ነው። ቲክቶክ ላይ ሲታይ ያስቃል። መኪናው ድንገት ፍሬን ሲይዝ ግን የሚስቅ የለም። ሹፌሩ በስፖኪዮው እንኳ አያይህም።

«ሕዝቡ ከጦርነት ወጥቶ፣ ስንቱ ተፈናቅሎ፣ አንተ ስለ ሳይክል ታወራለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የኔ መልስ ግን ይሄ ነው፦ እኛ ጋ ሳይክል የሀብታም ስፖርት አይደለም። ለነዳጅ የሚከፍለው የሌለው ሰው እግር ነው። ድሃ ቤት ውስጥ ደግሞ የአንድ ሰው እግር ሲሰበር የሚቆመው የእሱ ሥራ ብቻ አይደለም። እርሻው ይቆማል፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ይቀራል፣ ፍየል ይሸጣል።

ሳይክል የሰላም አገር ቅንጦት ነው የሚለውም አያስኬድም። ዛሬ የሳይክል አገር የምንላት ኔዘርላንድስ በ1971 እ.ኤ.አ. በአንድ ዓመት ብቻ ከ400 በላይ ሕፃናትን በመንገድ አደጋ ቀብራለች። ወላጆች አደባባይ ወጥተው ጮኹ። በ1973 የነዳጅ ቀውስ ሲመጣ እሑድ እሑድ መኪና ቆመ፣ ሰውም መንገዱ የእሱ ሊሆን እንደሚችል በዓይኑ አየ። የሳይክል መንገዱ የመጣው ከጩኸቱና ከችግሩ በኋላ ነው።

እኛም አገር ጅምር አለ። በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ «መንገድ ለሰው» ተብሎ መንገዶች ለሰዓታት ከመኪና ነፃ መሆን ጀመሩ። በ2012 ዓ.ም. ሞተር አልባ ትራንስፖርትን የሚመለከት የአሥር ዓመት አገር አቀፍ ስትራቴጂ ወጣ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ የሳይክል መስመሮች ተሠርተዋል። ሰቆጣ ያን የመሰለ መስመር ነገ ይሠራላት አልልም። ገበያው አጠገብና ትምህርት ቤቶች በር ላይ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፣ ባጃጅ የሚቆምበት የተለየ ቦታ፣ ከአሸዋና ከድንጋይ ክምር የጸዳ የመንገድ ዳር ግን የሚሊዮኖች ፕሮጀክት አይደለም። ሄዶ መጠየቅ የኛ ፋንታ ነው።

ስልክህንም ተጠቀምበት። መኪና ከገጨህ ወይም ሰው ሲገጭ ካየህ የታርጋውን ፎቶ አንሳ፣ ለፖሊስ አሳውቅ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ተሽከርካሪ ሁሉ የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ይገባል፤ ተጎጂም አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት አለው። ሽምግልና ጥሩ ነው፣ እኔም በእሱ ታርቄአለሁ። ግን የመድን መብትን አይተካም።

የከተማችን ስም የአገር ቃል ኪዳን ላይ ተጽፏል። በ2007 ዓ.ም. የተገባው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. እንዲቆም ነው። ከረሃብ ያተረፍነውን ልጅ ትምህርት ቤት በር ላይ ለመኪና፣ ወይም ለእኔ ሳይክል፣ መስጠት የለብንም።

በቅርቡ እኚያን እናት መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ቁልቁለቱ ላይ ስለነበርኩ ሳይክሌን በእጄ እየገፋሁ ነበር። ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸው። ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ «ፍሬኑን አሠራኸው?» አሉኝ።

አሠርቼዋለሁ፣ እናቴ። አንተስ ወንድሜ፣ አንቺስ እህቴ? የዚያን ዕለት ሳይቆም ያለፈው ሹፌርስ?