የሰሊጥ ገበሬ ድርሻው የት ነው?

መንግሥት ገበሬውን ይደጉም ወይስ አይደጉም የሚለው ክርክር በአገራችን ያለቀ ይመስላል። በ1980ዎቹ መጨረሻ የማዳበሪያ ድጎማ ተነሥቶ ዋጋው ለገበያ ተለቆ ነበር። ማዳበሪያ በዓለም ገበያ በናረበት በ2014 ዓ.ም. ግን መንግሥት 15 ቢሊዮን ብር መድቦ ገበሬውን ደገፈ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅም የማዳበሪያው ድጎማ እንደሚቀጥል ተነገረ። ይህ ደግ ሥራ ነው፤ አንነቅፈውም። እኛ የምንጠይቀው ሌላ ነው፤ ይኸውም በማዳበሪያ ጆንያ የሚመጣ ድጎማ ማዳበሪያ ለማይገዛ ገበሬ ምን ይፈይድለታል የሚል ነው።

እስቲ ወደ ገንዳ ውሃ እንውረድ። በመተማና በቋራ ቆላ የገበሬው ዋና ሰብል ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ ነው። ሰሊጡን በጥቁሩ አፈር ላይ የሚዘራው አብዛኛውን ጊዜ ያለ ማዳበሪያ ነው። ታዲያ ገንዘቡ የሚያልቀው በምንድን ነው? በትራክተር ኪራይ፣ በአረምና በአጨዳ ነው። ሰሊጥ አረም አይችልም፤ በክረምቱ ደጋግሞ ካልታረመ ይዋጣል። ከደረሰም በኋላ ጊዜ አይሰጥም፤ ቆባው ደርቆ ከተከፈተ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ብዙ እጅ ያስፈልገዋል። ይህም እጅ ወባውንና ካላዛሩን ሳይፈራ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ በአካባቢው አጠራር ሳሉግ የሚባለው ነው። መንገድ በጸጥታ ችግር በተዘጋ ቁጥር ሠራተኛው ይቀራል፤ የመጣውም ዋጋውን ከፍ ያደርጋል።

ገበሬው በነሐሴ ለአራሚ የሚከፍለውን ብር ከየት ያምጣ? ከነጋዴ ይበደራል። ዕዳውንም የሚከፍለው በመኸር ወቅት፣ ሰሊጡ በገበያ በበዛበትና ዋጋው በወረደበት ጊዜ ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው የማዳበሪያ ድጎማ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

አንዳንዶች «ሰሊጥ የንግድ ሰብል ነው፤ ድጎማ የሚገባው ለእህል ነው» ይሉናል። ጥጥስ የንግድ ሰብል አይደለምን? አሜሪካ ለጥጥ አምራቾቿ የከፈለችው ድጎማ የዓለምን ዋጋ እስከ መጫን መድረሱን፣ በብራዚል አቤቱታ የዓለም ንግድ ድርጅት ዳኞች እ.ኤ.አ. በ2004 ፈርደዋል። የመተማ ጥጥ አምራችም የሚሸጠው በዚሁ ዓለም ውስጥ ነው። ሰሊጥም ቢሆን ለረጅም ዓመታት ለአገራችን የውጭ ምንዛሪ ካስገኙት ዋና ዋና ሰብሎች አንዱ ነው። ለአገር ዶላር የሚያመጣ ገበሬ ለአረም የሚሆን ብር ሲያጣ ዝም ማለት ፍትሕ አይደለም።

ሌላው ተቃውሞ ግን ከባድ ነው፤ አናቃልለውም። ድጋፉ በሄክታር ቢታደል ማን ይወስደዋል? በአውሮፓ ኅብረት በቀጥታ ለገበሬዎች ከሚከፈለው ገንዘብ 80 በመቶ ያህሉ ከተቀባዮቹ 20 በመቶ ለሚሆኑት ሲደርስ ታይቷል፤ ምክንያቱም ክፍያው የመሬቱን ስፋት ስለሚከተል ነው። በመተማም ሰፊ እርሻ የያዙ ባለሀብቶችና ከደጋ መጥተው በጥቂት ሄክታር ላይ የሰፈሩ ገበሬዎች ጎን ለጎን ያርሳሉ። መጠኑ ያልተወሰነ ድጎማ ላለው የሚጨምር፣ የሌለውን የሚረሳ ይሆናል።

ስለዚህ አሳባችን ይህ ነው። ድጎማው ዕቃውን ሳይሆን የገበሬውን ወጪ ይከተል። በደጋ ማዳበሪያ ይሁን፤ በቆላ ደግሞ በአረምና በአጨዳ ወራት በኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል የሚሰጥ፣ መንግሥት ወለዱን የሚሸፍንለት ብድር ይሁን። ለአንድ ቤተሰብም ጣሪያ ይበጅለት። ዕዳው የሚከፈልበት ቀን ከመኸር ጥቂት ወራት ይራቅ፤ ገበሬው ሰሊጡን በግድ እንዳይሸጥ።

ይህን ለመቁረጥ ግን ስሌት ያስፈልጋል። የእርሻና የኢኮኖሚክስ መምህሮቻችን፣ የአንድ የመተማ ገበሬ የአንድ ዓመት ወጪ ከእርሻ እስከ ገበያ ምን ያህል እንደሆነ ተማሪዎቻችሁ ወርደው እንዲጽፉ ብታደርጉ ምን ይመስላችኋል? የስንዴና የጤፍ ገበሬ ወጪ በየጥናቱ ይቆጠራል። የሰሊጡም ገበሬ ይቆጠር፤ ያልተቆጠረ ሰው ድርሻ አይደርሰውምና።