ለጊታራችን 5 ዋት ይበቃል

ስለ ጊታር አምፕሊፋየር ሲነሳ ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንጠይቀው «ስንት ዋት ነው?» ብለን ነው። 50 ከተባለ እሰየው! 5 ከተባለ ግን «ይቺማ መጫወቻ ናት» ተብሎ ይሳቃል። እኔ ግን እቤት ለሚሠራ የቫልቭ አምፕሊፋየር 5 ዋት ከበቂም በላይ ነው እላለሁ።

እንደሚታወቀው ኃይሉ አሥር እጥፍ ሲሆን ለጆሮ የሚሰማው ድምፅ በግምት እጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ 50 ዋቱ ከ5 ዋቱ የሚጮኸው ሁለት ጊዜ ያህል እንጂ አሥር ጊዜ አይደለም። በዚያ ላይ ጊታር ተጫዋቾች የሚወዱት ሻካራ ድምፅ የሚመጣው ቫልቩ የአቅሙ ጫፍ ሲደርስ ነው። ትልቁን እዚያ ለማድረስ ሰፈሩን ሁሉ መቀስቀስ ያስፈልጋል!

ፌንደር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የሠራውን ቻምፕ እንመልከት። ኃይሉ 5 ዋት ገደማ ሲሆን ቫልቮቹ 3 ናቸው። 12ኤኤክስ7 የጊታሩን ደካማ ሲግናል ያጎላል፤ 6ቪ6 በትራንስፎርመር በኩል ስፒከሩን ያንቀሳቅሳል፤ 5ዋይ3 ደግሞ ተለዋዋጩን ኮረንቲ ቀጥተኛ ያደርጋል። አንድ ስፒከር፣ አንድ የድምፅ መቆጣጠሪያ፣ አለቀ!

«ትራንዚስተር እያለ ምን አደከመን?» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ቫልቭ ይወደዳል፣ ይሞቃል፣ ይሰበራልም። ነገር ግን ለእኛ ለእጩ መምህራን ትልቅ ጥቅም አለው። ካቶዱ ሲግል ኤሌክትሮን ይለቃል፤ ፕሌቱ ይስባል፤ መካከል ያለው ግሪድ እንደ ቧንቧ መክፈቻ የሚያልፈውን ይቆጣጠራል። በመስታወቱ ውስጥ በዓይን የሚታይ ትምህርት ነው፤ ነገ ለተማሪዎቻችን ስናስረዳ አይከብደንም።

ሆኖም ይህ ሥራ ሰው ይገድላል። ውስጡ ያለው ቮልቴጅ 300 ይደርሳል፣ ያልፋልም። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ኮረንቲ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ከሁሉም የሚያሰጋኝ አሮጌ የቫልቭ ራዲዮ ወደ ጊታር አምፕሊፋየር የመለወጥ ሐሳብ ነው። አንዳንዶቹ ራዲዮኖች የኃይል ትራንስፎርመር የላቸውም፤ የብረት አካላቸው በቀጥታ ከመስመሩ ጋር የተገናኘ ነው። ዛሬ ደህና የሆነው ነገ ሶኬቱ ተገልብጦ ሲሰካ 220 ቮልቱ የጊታሩ ክር ላይ ይመጣል። ታዲያ «ጓደኛዬ ሠርቶ ምንም አልሆነም» ማለት ምን ማስረጃ ይሆናል? እንዲህ ያለው ራዲዮ ለጊታር ይቅርብን።

ስለዚህ የምለው ይህን ነው። ከመስመር ኮረንቲ ጋር ሠርቶ የማያውቅ በ9 ቮልት ባትሪ በሚሠራ የትራንዚስተር አምፕሊፋየር ይጀምር። ወደ ቫልቭ የሚሸጋገር የኃይል ትራንስፎርመር፣ ፊውዝና ከብረት ሣጥኑ ጋር በደንብ የታሰረ የመሬት ሽቦ አያጉድል። ካፓሲተሩን የሚያራግፍ ሬዚስተር ይግጠም፤ ቢገጥምም በሜትር ሳይለካ እጁን አያስገባ። ስፒከር ሳይያያዝ አያብራ፤ ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል። ብቻውንም አይሥራ።

የሳይንስ ክፍላችንም ቢያስብበት መልካም ነው። በመምህር ፊት በጋራ የምትሠራ አንዲት ባለ 5 ዋት አምፕሊፋየር፣ እያንዳንዳችን በየቤታችን ተደብቀን ከምንሞክራቸው አሥር ትበልጣለች።