ከዲግሪው ስም በፊት የሚለካው ይጠየቅ

በቡታጅራና በዙሪያዋ ፊዚክስ የሚያስተምሩ መምህራንም ሆኑ በቅርቡ ተመርቀው ሥራ የሚያፈላልጉ ወጣቶች ሁለተኛ ዲግሪ ሲያስቡ ብዙውን ጊዜ ቀድመው የሚያዩት የደመወዝ እርከኑንና የትምህርት ክፍሉን ስም ነው። በፊዚክስ መቀጠል፣ ወደ አስትሮኖሚ ማቅናት ወይም በኢነርጂ ምሕንድስና መመዝገብ ከዚያ በኋላ በአጋጣሚ የሚወሰን ይመስላል፤ ቦታ የተገኘበት ይሞላል። ስለ ደመወዝ ማሰብ ነውር የለውም፤ በዛሬ ኑሮ የማያስብ ካለ የሚያስገርመው እሱ ነው። ነገር ግን መቅደም የሚገባው ጥያቄ ሌላ ነው። በዚያ ተቋም ተማሪው በገዛ እጁ የሚለካው ወይም የሚመረምረው ነገር አለ ወይ? ሥራውን የሚያውቅ አማካሪስ ይመደብለታል? በዚህ መስፈርት ለአካባቢያችን ልጆች የሚያዋጣው የከርሰ ምድር እንፋሎት (ጂኦተርማል) ኃይልና እሱን የሚያገለግለው ጂኦፊዚክስ ነው የሚል አቋም አለን።

ቡታጅራ በምርምር ዓለም ስሟ የተጠራው ትልቅ ላቦራቶሪ ስላላት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ10 ቀበሌዎች የገጠር ጤና ፕሮግራም ሲጀምር ዋናው ሥራ መመዝገብ ነበር፦ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ከቀበሌው ወጣ፣ ማን ገባ። ቤት ለቤት እየዞሩ የጠየቁ ሠራተኞች ያጠራቀሙት መዝገብ ለብዙ የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ መነሻ ሆነ፤ በአእምሮ ጤና ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ከዚሁ አካባቢ ወጥተው በዓለም አቀፍ የሕክምና መጽሔቶች ታትመዋል። ያለማቋረጥ የሚለካና የሚመዘገብ ነገር ባለበት ተመራማሪ ይፈጠራል። ጤናው ያገኘውን ዕድል ፊዚክሱ የሚያጣበት ምክንያት አይታየንም።

የሚለካ ነገርማ ሞልቷል። ከተማችን በዘቢዳር ተራራ ግርጌ፣ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ነች። ከከተማዋ ብዙም የማይርቀው የሐረ ሸይጣን ሐይቅ የተኛበት ጉድጓድ፣ ሽቅብ የወጣ ቅልጥ አለት ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ሲገናኝ በተፈጠረ ፍንዳታ የተቦረቦረ ነው። የአገሪቱ የጂኦተርማል ቦታዎች ሲዘረዘሩም ቡታጅራ ትጠቀሳለች። ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲሄዱ፣ በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል፣ አሉቶ አለ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ 8 ጉድጓዶች ተቆፍረውበት ከ300 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሙቀት ተገኝቷል፤ በ1990ዎቹ መጨረሻም ከ7 ሜጋ ዋት ትንሽ የሚበልጥ አቅም ያለው የሙከራ ጣቢያ ተተክሏል። ጣቢያው ጥቂት ሠርቶ ቆመ። ለመቆሙ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የእንፋሎት ጉድጓዶቹንና ማሽኑን በአግባቡ የሚያስተዳድር የሠለጠነ ባለሙያ መጥፋቱ ነው፤ እንፋሎቱማ ዛሬም አለ። ሥራው ምን እንደሚመስል በአንድ ምሳሌ እንይ። ከ2 ኪሎ ሜትር ጥልቀት የሚወጣ ፍል ውኃ ማዕድን ሟሙቶበት ይመጣል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ማዕድኑ በቧንቧው ግድግዳ ላይ እየጋገረ መተላለፊያውን ያጠበዋል። የትና መቼ እንደሚጋገር ቀድሞ አስልቶ መከላከል የቴርሞዳይናሚክስና የኬሚስትሪ ሥራ ነው፤ የፊዚክስ ምሩቅ የመንገዱን እኩሌታ ሄዶበታል። ኬንያ ኦልካሪያ ላይ የመጀመሪያውን ተርባይን ያስነሳችው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው፤ እኛ አሉቶን ስንቆፍር ማለት ነው። ዛሬ የጂኦተርማል አቅሟ ከ900 ሜጋ ዋት አልፏል። እ.ኤ.አ. በ2019 የቱሉ ሞዬንና የአሉቶን የእንፋሎት ጉድጓዶች ለመቆፈር ውል የወሰደውም የኬንያው ኤሌክትሪክ አመንጪ ኩባንያ ኬንጄን ነው። ጎረቤት ሙያ ይዞ መምጣቱ ቅር አያሰኝም፤ ቅር የሚያሰኘው እኩል ጀምረን እኛ የምንቀጥር፣ እነሱ የሚቀጠሩ መሆናችን ነው።

«ፕሮጀክቶቹ ይጓተታሉ፣ ተመራቂው ማን ይቀጥረዋል?» የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ እውነትም አለው። ግን መጓተቱ ራሱ በከፊል ከባለሙያ እጥረት የመጣ ነው፤ ደግሞም የተማሩት ሙያ ከአንድ ፕሮጀክት ጋር አይሞትም። የመሬትን ውስጥ ማንበብ የሚያውቅ ሰው የውኃ ጉድጓድ ቦታ ይመርጣል፣ የግንባታ መሬት ያጠናል፤ በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ መሬት እየደጋገመ ሲንቀጠቀጥ ሕዝቡ መልስ የጠበቀው ከእንዲህ ዓይነት ሰዎች ነበር። «ህዳሴ ግድብ በ5,150 ሜጋ ዋት አቅሙ ሥራ ጀምሮ የለም ወይ?» የሚሉም አሉ። እሰየው ነው። ሆኖም የአገራችን ኤሌክትሪክ እጅግ አብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ በመሆኑ የዝናብ ጥገኛ ነው፤ በ2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ ሲቀንስ መብራት በፈረቃ መታደሉ አይረሳም። እንፋሎት ክረምት ከበጋ አይልም።

አስትሮኖሚን በተመለከተ «ለድሃ አገር ቅንጦት ነው» ከሚሉት ጋር አንስማማም። እንጦጦ ላይ፣ በ3,200 ሜትር ከፍታ የተተከሉት ባለ 1 ሜትር ስፋት መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች በዙሪያቸው የድኅረ ምረቃ ትምህርት እንዲበቅል አድርገዋል፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2019 ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችንም የመሬት ምልከታ ሥራ እንጂ ጌጥ አልነበረችም። በሌሎች ቴሌስኮፖች የተሰበሰበ መረጃ በነፃ ስለሚገኝ፣ ኮምፒውተርና ጥሩ አማካሪ ያለው ተማሪ ከዚህ ሆኖ ብዙ መሥራት ይችላል። የምናስጠነቅቀው በክረምት መርሐ ግብር ለመማር ያሰበውን መምህር ነው፦ ክረምት የደመና ወቅት ነው፣ የአዲስ አበባ መብራትም ከተራራው ሥር ነው። በራሱ ዓይን የሰበሰበውን የሰማይ መረጃ ይዞ ለመመረቅ ተስፋ ያደረገ ሰው ይህን ቀድሞ ይወቅ። የዓለም ትልቁ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ፕሮጀክት፣ ኤስኬኤ፣ ከደቡብ አፍሪካ ሌላ ስምንት የአፍሪካ አጋር አገሮችን ሲመርጥ ኢትዮጵያ እንዳልተካተተችም ያስታውስ።

ንጹሕ ፊዚክስን የሚወድ ይማረው፤ ጎበዝ የፊዚክስ መምህር ለዚህች ከተማ የሚያስፈልጋት ያህል ሌላው አያስፈልጋትም። ከወልቂጤ ዩኒቨርሲቲና ከምሥራቅ ጉራጌ ዞን አስተዳደር የምንጠብቀው ግን አለ። በቡታጅራ ዙሪያ የመሬት መንቀጥቀጥንና የከርሰ ምድር ሙቀትን ዓመቱን ሙሉ የሚመዘግብ አነስተኛ ጣቢያ ይቋቋም፤ መረጃውም ለማንኛውም ተማሪ ክፍት ይሁን። የጤናው መዝገብ የተጀመረው ከዚህ በማይበልጥ ነገር ነው። ለማመልከት የተዘጋጃችሁም ፎርሙን ከመሙላታችሁ በፊት የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ አግኝታችሁ ባለፈው ዓመት የተመረቁት ምን እንደለኩ፣ በምን እንደለኩና ማን እንዳማከራቸው ጠይቁ። መልስ ካጣችሁ ሌላ ቦታ አመልክቱ።