ከሠራዊት የተመለሰው ሙያው ይጠየቅ

በ1983 ዓ.ም. ሲበተን የቀድሞው ሠራዊት 455 ሺህ ያህል አባላት ነበሩት። በዚያው ዓመት ሰኔ የተቋቋመው የማቋቋሚያ ኮሚሽን ግማሽ ያህሉን ወደ ገጠር ሲመልስ ከጠበበ መሬቱ ቆርሶ የተቀበላቸው ገበሬው ነበር። ዘርና ማዳበሪያም ተሰጣቸው።

ጉለሌን ወደመሰለው የአዲስ አበባ ሠፈር ለተመለሰው ግን የሚቆረስ መሬት አልነበረም። ሾፌሩም፣ መካኒኩም፣ ድሬሰሩም በዘበኝነት ተቀጥሮ በር ሲጠብቅ ታይቷል። ገጠሩም ቢሆን ማረሻ አስጨበጠው እንጂ ሙያውን አልጠየቀውም፤ ይህ ትልቅ ብክነት ነው።

ኅዳር 2015 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ደግሞ 371 ሺህ ያህል የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ አቅዷል። እንግዲህ የማኅበር መሪዎች፣ ተመላሹ ደጃችሁ ሲደርስ ስንት ጥማድ ይበቃዋል ከማለታችሁ በፊት ምን ሠርቶ እንደነበር ጠይቁት። የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት በደረሰኝ ተረክቦ በደረሰኝ ያስረከበ ሰው የማዳበሪያ መጋዘን ቢይዝ ምን ይጎድለዋል?

ትእዛዝ የለመደ ሰው ለስብሰባ ትዕግሥት የለውም የሚሉ አሉ። ያጋጥማል፤ ስብሰባችንም አንዳንዴ ከልክ በላይ ይረዝማል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ሊቀመንበር ይሁን አንልም። በመጋዘኑ ይጀምር፤ ሒሳቡንም እንደማንኛውም አባል የቁጥጥር ኮሚቴው በየመኸሩ ይመርምርለት።