ኤሌክትሮኒክ ድራም በመድረክ ላይ፤ ክሱ በማን ላይ ነው?

ለቀጥታ የባንድ ጨዋታ ኤሌክትሮኒክ ድራም ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ጥያቄ በሙዚቃ ተማሪዎች መካከል በተነሣ ቁጥር ክርክሩ ሳይጀመር ወደ ፍርድ ይሄዳል። አንዱ ወገን «ነፍስ የለውም» ይላል፤ ሌላው «ዘመኑ ያመጣው ነው» ብሎ ያልፋል። ሁለቱም መልሶች ለምርምር መነሻ አይሆኑም። በአዲስ አበባ የምሽት መድረኮች በሁለቱም ዓይነት ድራም ለጥቂት ዓመታት የተጫወትሁ እንደ መሆኔ፣ ክሱ በአብዛኛው የቀረበው ባልተገባ ተከሳሽ ላይ ነው እላለሁ።

ድራም ማሽንና ኤሌክትሮኒክ ድራም አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው አስቀድሞ የተሞላለትን ምት ራሱ ይደግማል፤ ሁለተኛውን ሰው ካልመታው ድምፅ አይሰጥም። ድራም ማሽን ለሙዚቃችን እንግዳ አይደለም፤ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ ሳለ ባወጣው የአኮርዲዮን ካሴት ውስጥ ይሰማል። በኋላም አንድ ኪቦርድ ተጫዋች ብቻውን ባንድ የሚሆንበት ልማድ ሲስፋፋ የድራመሩ እንጀራ ተነካ። ቂሙ ግን ኪቦርዱን ትቶ ፓዱ ላይ ያረፈ ይመስለኛል።

ተደጋግሞ የሚሰማው ሌላው ቅሬታ «ድምፁ ይዘገያል» የሚል ነው። እኔም ብዬዋለሁ። አንድ ምሽት ችክችካው እየጎተተ አስቸገረን፤ ቤዝ ተጫዋቹ ፊቱን አዞረብኝ፤ እኔ ደግሞ ሞጁሉን ረገምሁ። በኋላ ሳስበው፣ የራሴን ምት የምሰማው ወደ ታዳሚው ከዞሩት ስፒከሮች ብቻ ነበር። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ በእያንዳንዱ ሜትር ወደ 3 ሚሊሰከንድ ይዘገያል። ከስፒከሩ በ5 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ድራመር ገና ከመነሻው 15 ሚሊሰከንድ ያህል ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ከግድግዳ ተመልሶ የሚመጣው ሲጨመር ደግሞ ይብሳል። የሞጁሉ የራሱ መዘግየት ብዙውን ጊዜ ከዚህ ያነሰ ነው። ትንሽ ሞኒተር ከወንበሬ አጠገብ ባስቀመጥሁ ጊዜ ችክችካው ቦታውን ያዘ።

ለመሣሪያው የምቆምበት ዋናው ምክንያት ግን ማሲንቆ ነው። በጠባብ አዳራሽ ውስጥ የተለመደው ድራም ሲመታ የሲምባሉ ድምፅ በማሲንቆው ማይክራፎን ይገባል። የድምፅ ባለሙያው ማሲንቆውን ከፍ ባደረገ ቁጥር ሲምባሉም አብሮ ይጨምራል፤ በመጨረሻ ማሲንቆውን ዝቅ ያደርገዋል። በዘመናዊ ባንድ ውስጥ ለፎቶግራፍ ያህል የቆመ የሚመስል ማሲንቆ ተጫዋች ያላየ ማን አለ? የጎማ ወይም የመረብ ፓድ በአየር ላይ የሚረጨው ድምፅ እጅግ ጥቂት በመሆኑ ማሲንቆና ክራር በራሳቸው ልክ ሊሰሙ ይችላሉ። ባህልን ያጠፋል የተባለው መሣሪያ እዚህ ላይ ለባህሉ መሣሪያ ቦታ ይለቅቃል።

እውነተኛው ችግር ከድምፁ ምርጫ ላይ ነው። ከፓዱ ሥር ያለው ፒየዞ ዳሳሽ ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለውጣል፤ በሚዲ ሥርዓት የምቱ ኃይል ከ1 እስከ 127 በሚደርስ ቁጥር ይገለጻል። ይህ በዱላ ለሚመታ ስኔር ይበቃል። ከበሮ ግን በእጅ የሚመታ፣ ሰፊና ጠባብ ፊት ያለው ነው፤ ክፍቱ ምትና የታፈነው ምት የሚለያዩት በኃይል ብቻ ሳይሆን በዓይነት ነው። እኛ ደግሞ ከፋብሪካ የመጣውን የኮንጋ ድምፅ መርጠን «ከበሮ» እንለዋለን። መሣሪያው ግን የሚታዘዝ ነው። እንግሊዛዊው የዴፍ ሌፐርድ ድራመር ሪክ አለን እ.ኤ.አ. በ1984 መጨረሻ በመኪና አደጋ ግራ እጁን ካጣ በኋላ፣ የእጁን ሥራ ለግራ እግሩ በሚሰጥ ኤሌክትሮኒክ ድራም ወደ መድረክ ተመልሷል። ለአንድ ሰው አካል እንደ ልክ የተሰፋ መሣሪያ ለችክችካ የማይሰፋበት ምክንያት አይታየኝም።

መልስ የሌለኝ ተቃውሞም አለ። መብራት ሲጠፋ ክራሩና ጭብጨባው ይቀጥላሉ፤ እኔ ዱላዬን ይዤ እቀመጣለሁ። ስለዚህ ከጎኔ እውነተኛ ከበሮ አስቀምጣለሁ።

ባለፉት ወራት ከአንድ የትምህርት ባልደረባዬ ጋር የከበሮን ክፍትና የታፈኑ ምቶች በተለያየ ኃይል ቀድተን በሞጁሉ ላይ ጫንን። በልምምድ ላይ የነበረች ተወዛዋዥ የፋብሪካውን ድምፅ ሰምታ «ትከሻዬን አይጠራውም» ብላ ነበር። በተቀዳው ድምፅ ስንሞክር ተነሥታ ጥቂት ወረደች፤ ከዚያም ቆማ የታፈነው ምት ትንሽ እንደሚረዝም ነገረችን። አሁን እሱን እያሳጠርን ነው።