ካሴቶቻችንን ሳይረፍድ እንታደግ
በየማኅበሩ ቁም ሣጥንና በየሠራተኛው ቤት የተከማቹት የቪዲዮ ካሴቶች የሰፊው ሕዝብ የሥራና የኑሮ ሰነዶች ናቸው። ይሁን እንጂ መግነጢሳዊው ጥብጣብ በዘመን ብዛት ይደክማል፤ የቪኤችኤስ ማጫወቻ የመጨረሻው የታወቀ አምራች የነበረው የጃፓኑ ፉናይም እ.ኤ.አ. በ2016 ምርቱን አቁሟል። ስለሆነም ምስሉን ወደ ዲጂታል መለወጥ ለነገ የማይባል ተግባር መሆኑን ለመገንዘብ አያዳግትም።

ሥራው ግን ከተሳሳተ አመለካከት መጽዳት አለበት። በአናሎጉ የፓል ሥርዓት ምስሉ የሚታየው በ576 መስመሮች ሲሆን፣ የዛሬው ባለ ከፍተኛ ጥራት ስክሪን 1080 መስመሮች አሉት። መለወጫው መሣሪያ ተከታታዩን ሞገድ እየለካ ወደ ቁጥር ይተረጉማል፤ የጎደሉትን መስመሮች በስሌት ይሞላል እንጂ ካሜራው ያላየውን አይፈጥርም። ተአምር አሳያለሁ የሚል ነጋዴ ቢኖር ሕዝብን ያሳስታል። 4 ለ 3 የተቀረጸውን ምስል ወደ 16 ለ 9 መለጠጥም የወገኖቻችንን መልክ ማዛባት ነው።

ስለዚህ ማኅበራት ማጫወቻና መለወጫ በጋራ ገዝተው ሥራውን በተባበረ ክንድ ይጀምሩ፤ ቅጂውን ቢያንስ በሁለት ቦታ ያኑሩ፤ ዋናውን ካሴት አይጣሉ። ሰነዱን ያልጠበቀ ሕዝብ ታሪኩን ከሌላ አፍ ለመስማት ይገደዳል!