ምን ልትሸለም ትሮጣለህ?

አልጋዬ ሥር የተቀመጠው የሩጫ ጫማ አቧራ ከለበሰ አራት ወር ሆኖት ነበር። አንድ ቅዳሜ ጧት ባለቤቴ ቤት ስትጠርግ በመጥረጊያው ጫፍ ሳብ አድርጋ አወጣችውና፣ «ይኼን ለሰው ልስጥልህ ወይስ ይቀመጥ?» አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም፤ ቦታ ጠቧት ነው። «ስጪው» ለማለት አፌን ከፈትሁ፤ ቃሉ ግን አልወጣም። ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚያች ያልወጣች ቃል ነው።

በሙያዬ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ ስቆጥር እውላለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ የራሴን ስንኝ እቆጥራለሁ። ጎሕ ሲቀድ እሮጣለሁ። ሯጭ ነኝ ማለቴ እንዳልሆነ ግን ይታወቅልኝ። በእኛ አገር «ሯጭ» የሚለው ስም የአበበ ቢቂላ፣ የማሞ ወልዴ፣ የምሩፅ ይፍጠር፣ የደራርቱ ቱሉና የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነው። እኔ የምሮጥ ሰው ነኝ እንጂ ሯጭ አይደለሁም። ልዩነቱ ቀላል አይምሰላችሁ፤ የዛሬው ሙግቴ የቆመው በእርሱ ላይ ነው።

መሮጥ የጀመርሁት በፍርሃት ነው። አባቴ በደም ግፊት ሳቢያ በድንገት ባረፈ በዓመቱ፣ ሐኪም የእኔንም ክንድ በመለኪያው ጠቅልሎ ቁጥሩን አየና ዝም አለ። የዚያ ዝምታ ትርጉም ገብቶኝ በማግስቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት መስቀል አደባባይ ተገኘሁ። በእርከኖቹ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ከሚመላለሰው ሕዝብ ጋር ተቀላቀልሁ። ፍርሃት ብርቱ ቀስቃሽ ነው፤ ዕድሜው ግን አጭር ነው። ግፊቴ ረገብ ሲል እርሱም ተሰናብቶኝ ሄደ።

በእርሱ ቦታ ሰዓት ገባ። ለአሥር ኪሎ ሜትር በመጀመሪያው ዓመት 58 ደቂቃ፣ በሁለተኛው 51፣ በሦስተኛው 47 ፈጀብኝ። አዲስ ጀማሪ፣ ልቡና ሳንባው ሥራውን እስኪለምዱ ድረስ በፍጥነት ይሻሻላል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዷ ደቂቃ በብዙ ላብ የምትገዛ ውድ ዕቃ ትሆናለች። እኔ ግን ቁጥሩ ዘላለም የሚወርድ መስሎኝ 45ን ተመኘሁ። አራተኛው ዓመት እንደገና 47 ሆነ። አምስተኛው 48። በእኛ መሥሪያ ቤት ቋንቋ ይህ ኪሳራ ነው። ሒሳቡን ዘጋሁ፤ ጫማውን አልጋ ሥር ወረወርሁ።

ሰዎች ሲጠይቁኝ «ጉልበቴን አመመኝ» እል ነበር። ጉልበቴን አላመመኝም። ያመመኝ፣ ገና ስጀምር አንድ ዘመዴ እየሳቀ የጠየቀኝ ጥያቄ ነው፤ «ለመሆኑ ምን ልትሸለም ነው እንዲህ የምትሮጠው?» ያኔ ስቄ አልፌው ነበር። ቁጥሬ ሲቆም ግን ጥያቄው ተመልሶ መጥቶ ደረቴ ላይ ተቀመጠ።

የጥያቄው ምንጭ ይገባኛል። አበበ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ካሸነፈ ወዲህ ሩጫ ለእኛ የወርቅ ሌላ ስሙ ሆኗል። ኩራታችን ነው፤ ደግሞም ይገባናል። ነገር ግን ከኩራቱ ጎን አንድ ጉዳት ተከትሎ ገብቷል፤ የማያሸንፍ ሰው የሚሮጥበት ምክንያት ያለው አይመስለንም። በግጥሙም እንዲሁ ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በጻፈበት ቋንቋ አንድ የባንክ ጸሐፊ ምን ልሁን ብሎ ነው ስንኝ የሚቋጥረው? ይህን የምታነቡ፣ በመሳቢያችሁ ውስጥ ያልታተመ ደብተር ያላችሁ ሁሉ ጥያቄውን ታውቁታላችሁ።

ጥያቄውን የመለሰልኝ ፈላስፋ አይደለም። በቅርንጫፋችን ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው የሥራ ባልደረባ አሉ፤ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ዓመታት የቀሯቸው። ጫማው ከአልጋ ሥር በወጣ በሳምንቱ ከምሳ በኋላ ወደ መስኮቴ ጠጋ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የእኔ ልጅ፣ ሐኪሙ ስኳርህን በእንቅስቃሴ ተቆጣጠሪ ብሎኛል። ለታላቁ ሩጫ ተመዘገብሁ። ብቻዬን ግን አፈርሁ፤ አብረኸኝ ብትወጣ?» አሉኝ። «እርስዎ ካሉ እሺ እትዬ» አልሁ። እምቢ ማለት ነውር ስለመሰለኝ እንጂ ፈልጌ አልነበረም።

ቅዳሜና እሑድ ንጋት ላይ መገናኘት ጀመርን። ሁለት ደቂቃ እንራመዳለን፤ አንድ ደቂቃ እናዘግማለን። በመጀመሪያው ቀን ሰዓቴን ሦስት ጊዜ አየሁ። እትዬ አይተውኝ፣ «ከቸኮልህ ሂድ እንጂ» አሉኝ። አፈርሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰዓቴን ቤት ትቼ እወጣ ጀመር።

ውድ አንባቢያን፣ የሆነውን ልንገራችሁ። ለአምስት ዓመት የሮጥሁበት አደባባይ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየኝ። ጎሕ ሲቀድ ከቤተ ክርስቲያን የሚሰማውን ቅዳሴ፣ ነጠላቸውን ያጣፉ እናቶችን፣ የባሕር ዛፍ ጢስ ሽታን አስተዋልሁ። ቀርፋፋው እርምጃዬም ስንኝ ማፍለቅ ጀመረ። የወል ቤት ግጥም መስመሩ ስድስት ስድስት ቀለም ሆኖ ለሁለት እንደሚከፈል ታውቃላችሁ፤ እኔም ስድስት እርምጃ፣ ትንፋሽ፣ ስድስት እርምጃ፣ ትንፋሽ… እያልሁ ቃላቱ ራሳቸው ቦታቸውን ይይዙ ነበር።

ታላቁ ሩጫ በኅዳር 1994 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ሺህ ሰው አዲስ አበባን በአንድ ዓይነት ካናቴራ የሚያለብስ በዓል ሆኗል። እኔ በቀደሙት ዓመታት ያን ሕዝብ ስረግመው ኖሬያለሁ፤ መንገድ ዘግቶ ደቂቃዬን የሚሰርቅ ይመስለኝ ነበርና። ከእትዬ ጋር በወጣሁበት ቀን ግን ሕዝቡ ራሱ ሩጫው መሆኑ ገባኝ። በየመንገዱ ዳር ባንዶች ይጫወታሉ፤ እትዬ አንዱ ጋ ቆም ብለው እስክስታ መቱ። ዳገቱ ላይ ክንዴን ያዙ። ስንጨርስ ዕንባቸውን በካናቴራው ጫፍ ጠረጉ። በስንት ሰዓት እንደጨረስን አላውቅም። በሕይወቴ ሰዓቱን የማላውቀው፣ የማልረሳውም ሩጫ እርሱ ብቻ ነው።

ይህን የደካማ መጽናኛ የሚል ቢኖር ደራርቱን ላስታውሰው። እ.ኤ.አ. በ2009 በኒው ዮርክ ማራቶን፣ የወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት ፓውላ ራድክሊፍ ወደ ኋላ መቅረት ስትጀምር ደራርቱ «ነይ፣ አብረን እንሂድ» በሚል መንፈስ ስታበረታታት እንደነበር በሰፊው ተነግሯል። ያኔ ደራርቱ የ37 ዓመት ሴት ነበረች፤ ውድድሩንም አሸነፈች። ፓውላ አራተኛ ወጣች። በአገራችን ስለዚያ ድል ሲወራ ከሰዓቱ ይልቅ የሚነሳው ያ ደግነት ነው።

እንግዲህ አስተያየቴ ይህ ነው። ሰዓት ክፉ ነው አላልሁም፤ ዛሬም በሳምንት አንድ ቀን አስረዋለሁ። ግን ሰዓት የባለሙያዎቹ እንጀራ ነው፤ ከእነርሱ ተውሰን ብቸኛ ምክንያታችን ስናደርገው፣ ቁጥሩ የቆመ ቀን እኛም እንቆማለን። «አማተር» የሚለው ቃል የላቲን ሥሩ «አፍቃሪ» ማለት ነው። አፍቃሪ ደግሞ ፍቅሩን በደቂቃ አይለካም። ሩጫ የሰለቸው ወዳጅ ካላችሁ አዲስ ጫማ ወይም አዲስ ግብ አትስጡት፤ ከእርሱ የሚዘገይ ሰው አገናኙት። አባቶች «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ለሩጫም ይሠራል።

ለዘመዴም መልስ አለኝ። ምን እንደምሸለም እነሆ፦ እሑድ ጧት ደጃፌ ላይ «የእኔ ልጅ፣ ተነሣህ?» የሚል የስልክ ድምፅ፤ አባቴ ያላገኛት አንድ ጧት፤ ደግሞም እነዚህ አራት መስመሮች፤

ሰዓቴን ፈትቼ ከቤት ትቼው ወጣሁ፤
የጠፋኝን ትንፋሽ ከዳገት አመጣሁ።
ማን ቀደመኝ ብዬ ዞሬ ሳልመለከት፣
ሩጫዬ ቤት መታ ከእግሬ እስከ አንደበት።

ቸር እንሰንብት።